የጴጥሮስ አስተርጓሚ፤ ወንጌላዊው ማርቆስ ማን ነበረ?

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ በምትገኘው በሞያሌ ከተማ፥ በኬንያው ወገን፥ ቡቲዬ የሚባል ቀበሌ አለ። ሞያሌ ስሟ አንድ ሆኖ አስተዳደሯ ሁለት የሆነ ከተማ ናት። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ1907 ስለ ወሰኑ በተዋዋሉ ጊዜ፥ በግጦሽና በውሃ ጕድጓድ ተሳስሮ ይኖር የነበረው ሕዝብ መስመሩ በመካከሉ ስላለፈ ከሁለት ተከፈለ። ይሁን እንጂ ቦረናው፥ ገብራው፥ ጋሪው፥ ቡርጂውና ሶማሌው ዛሬም ከወዲህም ከወዲያም ይኖራል፤ ኦሮምኛም በሁለቱ ወገን የገበያ ቋንቋ ነው። የሚለያየው የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ነው። በሰሜን በኩል የፌዴራሉ ጉምሩክ በአማርኛ ይጽፋል፤ በደቡብ በኩል በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይሠራል። በ2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች ሹማምንት ጕዳይን ባንድ ስፍራ የሚፈጽሙበት የጋራ ኬላ ተመርቆ ተከፈተ፤ ስፍራው አንድ ቢሆንም ቋንቋው አንድ አልሆነም።

ስለዚህ በቡቲዬ ለሚነግድ ሰው ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚያስፈልገው አስተርጓሚ ነው። ብዙ ጊዜም ደላላው ራሱ አስተርጓሚ ይሆናል። ሻጩ በኦሮምኛ የተናገረውን ለገዢው በስዋሂሊ፥ ሹሙ በአማርኛ የጠየቀውን ለሻጩ በኦሮምኛ ያደርሳል። ከእርሱ የሚፈለገው ነገር ጥቂት ይመስላል፤ የሰማውን ሳይጨምር፥ ሳይቀንስ፥ ሳያጣምም ማድረስ ብቻ ነው። ነገር ግን የወይፈኑ ዋጋ፥ የቀረጡ መጠን፥ አንዳንድ ጊዜም የሰው ነጻነት በዚህ ሰው ምላስ ላይ ይንጠለጠላል። ሥራው ሲሰምር ማንም አያስታውሰውም፤ ሻጭና ገዢ ተጨባብጠው ይለያያሉ። ነገሩ ሲበላሽ ግን በመጀመሪያ የሚከሰሰው እርሱ ነው።

ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ በጥንታውያን ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀው በዚሁ ሥራ ስም ነው። እርሱም ማርቆስ ነው።

ስለ ማርቆስ ከመጽሐፍ ቅዱስ ውጭ ቀዳሚ የሆነውን ምስክርነት የሰጠው በታናሽ እስያ የኢያራፖሊስ ጳጳስ የነበረው ፓፒያስ ነው። ፓፒያስ የጻፈው በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ሲሆን፥ መጽሐፉ ስለ ጠፋ ቃሉ የደረሰን ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በጻፈው በቂሣርያው ጳጳስ በአውሳብዮስ በኩል ነው። የምስክርነቱም ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። ማርቆስ ጌታን አልሰማውም፥ ተከትሎትም አልሄደም። የጴጥሮስ አስተርጓሚ ነበረ። ጴጥሮስ ለሰሚዎቹ እንደሚያስፈልጋቸው ያስተምር ስለ ነበረ፥ ማርቆስም የታወሰውን ሁሉ የጊዜውን ቅደም ተከተል ሳይጠብቅ፥ ነገር ግን በጥንቃቄ ጻፈው። አሳቡም አንድ ብቻ ነበረ፤ ከሰማው አንዳች እንዳያስቀር፥ ሐሰትም እንዳይቀላቅልበት።

ፓፒያስ የተጠቀመበት የግሪክ ቃል «ሄርሜኔውቴስ» ይባላል። ቃሉ አስተርጓሚም፥ የነገርን ምሥጢር ገላጭም ያሰኛል። የግዕዙና የአማርኛው «ተረጐመ» እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል፤ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መመለስም፥ መምህራኑ በጉባኤ ቤት መጽሐፍን ማብራራታቸውም በዚሁ ቃል ይጠራል። ዐረብ «ቱርጁማን» የሚለውም የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። ጴጥሮስ አስተርጓሚ ያስፈለገው መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም። የገሊላ ዓሣ አጥማጅ ስለ ነበረ የአፉ መፍቻ አራማይክ ነው፤ በሮም ይሰሙት የነበሩት ክርስቲያኖች ግን አብዛኛውን ጊዜ ግሪክ ተናጋሪዎች ነበሩ።

ይህ አስተርጓሚ ማን ነበረ? በሐዲስ ኪዳን ዮሐንስ ማርቆስ የሚባል ሰው ይገኛል። ዮሐንስ የዕብራውያን፥ ማርቆስ የሮማውያን ስም ስለ ሆነ፥ ገና በስሙ የሁለት ዓለም ሰው መሆኑ ይታወቃል። እናቱ ማርያም በኢየሩሳሌም ቤት ነበራት። በሐዋርያት ሥራ 12ኛ ምዕራፍ እንደ ተተረከው፥ ጴጥሮስ ከወኅኒ በወጣባት ሌሊት በቀጥታ የሄደው ወደዚህች ሴት ቤት ነው። የደጁን መንኳኳት የምትሰማ ሮዴ የተባለች አገልጋይ መኖሯም ቤተ ሰቡ ድኻ እንዳልነበረ ያስረዳል። የቆጵሮሱ ሌዋዊ በርናባስም የማርቆስ የሥጋ ዘመድ ነበር።

በርናባስና ጳውሎስ ወደ ቆጵሮስ ለስብከት በተነሡ ጊዜ ይህን ወጣት ረዳት አድርገው ወሰዱት። ከቆጵሮስ በመርከብ ተሻግረው በጵንፍልያ አገር ጴርጌን ሲደርሱ ግን ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። ምክንያቱ አልተጻፈም። አንዳንዶች የተራራውን መንገድና ሽፍታውን ፈርቶ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ መሪነቱ ከዘመዱ ከበርናባስ ወደ ጳውሎስ በመተላለፉ ቅር ብሎት ነው ይላሉ። ሁሉም ግምት ነው። ሁለተኛው ጕዞ በታሰበ ጊዜ በርናባስ እንደ ገና እንውሰደው ቢል፥ ጳውሎስ በመንገድ የከዳንን ሰው አንወስድም ብሎ እንቢ አለ። ስለዚህም ሁለቱ እስከ መለያየት ተጣሉ። በርናባስ ማርቆስን ይዞ በባሕር ወደ ቆጵሮስ፥ ጳውሎስም ሲላስን ይዞ በየብስ ወደ ሶርያ ሄደ።

ሰው የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያለው አንባቢ በዚህ ታሪክ ላይ ሲደርስ ለማን እንደሚፈርድ ጥቂት ማሰቡ አይቀርም። የጳውሎስ ነገር የመሥሪያ ቤት ደንብ ነው፤ ሥራውን ጥሎ የሄደ ሰው ዳግመኛ አይታመንም። የበርናባስ ነገር ደግሞ የዘመድ ነገር ይመስላል፤ በሌላ ዐይን ሲታይ ግን ሰውን በአንድ ቀን ጥፋቱ ብቻ አለመመዘን ነው። ፍርዱን የሰጠው ጊዜ ነው። ከዓመታት በኋላ በጳውሎስ ስም በተላኩት መልእክቶች ማርቆስ እንደ ገና ይገኛል። የቆላስይስ ሰዎች ወደ እነርሱ ቢመጣ እንዲቀበሉት ይታዘዛሉ፤ ለፊልሞና በተጻፈችው አጭር ደብዳቤ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይቈጠራል፤ ለጢሞቴዎስ በተላከው በሁለተኛው መልእክትም ለአገልግሎት ጠቃሚ ነውና ይዘኸው ና ተብሎ ይፈለጋል። በጴጥሮስ ስም የተጻፈው መጀመሪያው መልእክት ደግሞ «ልጄ» ይለዋል።

የጴርጌው ኰብላይ፥ የጴጥሮስ አስተርጓሚና የወንጌሉ ጸሐፊ አንድ ሰው ናቸውን? ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምራ አንድ ናቸው ትላለች። በዘመናችን ያሉ ብዙ መርማሪዎች ግን ይጠራጠራሉ። ማርቆስ በሮማውያን ዘንድ እጅግ የተለመደ ስም ነበረ፤ ወንጌሉም በውስጡ የጸሐፊውን ስም አይናገርም፤ «እንደ ማርቆስ» የሚለው አርእስት በኋላ የተጨመረ ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ሊናቅ የማይገባው ክርክር አለ። ስም የሌለውን መጽሐፍ ለማስከበር ስም የሚፈልግ ሰው የጴጥሮስን ስም ሊለጥፍበት ሲችል፥ ሐዋርያ ያልሆነ፥ ያውም በመንገድ ጓደኞቹን ትቶ በመመለስ የታወቀ ሰው ስም ለምን ይመርጣል? ነገሩ እውነት ስለ ነበረ ይሆናል እንጂ ለክብር ተብሎ የተፈጠረ አይመስልም።

የግብጽና የኢትዮጵያ ትውፊት ማርቆስን ከሰባ ሁለቱ አርድእት ይቈጥረዋል፤ የትውልድ አገሩም በሰሜን አፍሪካ በጰንጠጶሊስ፥ በቀሬና አውራጃ ነው ይላል። ይህ ከፓፒያስ ቃል ጋር አይስማማም፤ ፓፒያስ ጌታን አልተከተለም ብሏልና። ከቀሬና ጋር የሚያገናኝ አንድ ነገር ግን በወንጌሉ አለ። መስቀሉን የተሸከመው ስምዖን ቀሬናዊ የእስክንድሮስና የሩፎስ አባት መሆኑን የሚናገር ማርቆስ ብቻ ነው፤ ሰሚዎቹ ልጆቹን የሚያውቋቸው ይመስላል። በጌቴሴማኒ ሌሊት ነጠላውን ጥሎ ራቁቱን ስላመለጠው ጐልማሳ የሚተርክም እርሱ ብቻ ስለ ሆነ፥ ያ ጐልማሳ ራሱ ማርቆስ ነው የሚሉ አሉ። ቢሆን ኖሮ ከጴርጌ በፊትም አንድ ጊዜ ሸሽቶ ነበር ማለት ነው። ከጥንታውያን አንዳንዶቹ «ጣተ ጐራዳ» የሚል ቅጽል ሰጥተውታል፤ ይህ የአካል ነገር ይሁን የአጻጻፉ ማጠር፥ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ጸሐፊው የሚመሰክርለት መጽሐፉ ነው። ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው። ግሪኩም የሊቅ ግሪክ አይደለም፤ ዐረፍተ ነገሮቹ በ«እና» እየተያያዙ፥ «ወዲያውም» በሚለው ቃል እየተቻኰሉ ይሮጣሉ። በአንዱ ቋንቋ የሰማውን በሌላው ቋንቋ ቶሎ ለማድረስ የሚጣደፍ ሰው ድምፅ ይሰማበታል። ከዚህም የተነሣ ለብዙ ዘመን ተንቆ ኖረ፤ አውግስጢኖስ ማርቆስን የማቴዎስ ተከታይና አሳጣሪ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት ግን ሊቃውንት ሦስቱን ወንጌላት ጎን ለጎን አቁመው ሲመረምሩ፥ አብዛኞቹ ነገሩን ገለበጡት፤ ከ65 እስከ 75 ዓመተ እግዚእ ባለው ጊዜ ገደማ በመጀመሪያ የተጻፈው የማርቆስ ነው፥ ማቴዎስና ሉቃስም ከእርሱ ቀድተዋል አሉ።

አስተርጓሚነቱ በግልጽ የሚታየው አንዳንዱን ቃል በተነገረበት በአራማይክ እንዳለ አስቀምጦ ትርጕሙን ወዲያው በሚያስከትልበት ስፍራ ነው። በኢያኢሮስ ልጅ አልጋ አጠገብ የተነገረው «ጣሊታ ቁሚ»፥ ለደንቆሮው የተነገረው «ኤፍታህ»፥ ለእግዚአብሔር የተለየውን መባ የሚያመለክተው «ቁርባን»፥ በጌቴሴማኒ ጸሎት የተሰማው «አባ» የዚህ ዓይነት ናቸው። የሮም ሰሚ ከእነዚህ አንዱን እንኳ ያለ አስተርጓሚ አያውቅም። የአማርኛና የትግርኛ አንባቢ ግን ከሮማዊው ይልቅ ለመድረኩ ይቀርባል። «ቁሚ» ለእርሱ ቁሚ ነው፤ «ኤፍታህ» ከ«ፈታ» ጋር አንድ ሥር አለው፤ ቁርባንን በየቤተ ክርስቲያኑ ይቀበላል፤ መነኵሴውንም አባ ብሎ ይጠራዋል። ጴጥሮስ በኢያኢሮስ ቤት የሰማውን ድምፅ፥ ቢያንስ ግማሹን፥ ያለ ማርቆስ ርዳታ ይሰማል ማለት ነው።

ለነጋዴ የሚጥመው ደግሞ የድኻይቱ መበለት ገንዘብ ነው። ወደ መዝገብ የጣለችው ሁለት ሌፕታ መሆኑን ከተናገረ በኋላ፥ ማርቆስ ይህ አንድ ቋድራንስ ነው ይላል። ይህ የምንዛሪ ሂሳብ ነው። ቋድራንስ የሮማውያን ሳንቲም ስለ ሆነ፥ ብዙ ሊቃውንት መጽሐፉ ለሮም ሰዎች የተጻፈ ለመሆኑ ይህን እንደ ማስረጃ ይቈጥሩታል። በአንዱ አገር ገንዘብ የተነገረውን ዋጋ በሌላው አገር ገንዘብ ማስረዳት ዛሬም በቡቲዬ በብርና በሽልንግ መካከል በየቀኑ የሚሠራ ሥራ ነው። ማርቆስ የላቲን ቃላትንም እንዳሉ በግሪክ ፊደል ይጽፋል። ጣሊያንኛ የሰማ ሰው በግሪኩ መካከል «ቼንቱሪዮኔ»፥ «ፕሬቶሪዮ»፥ «ቼንሶ» የሚሉትን ቃላት አባቶች ያገኛል። ማቴዎስና ሉቃስ የመቶ አለቃውን በግሪክ ስም ሲጠሩት፥ ማርቆስ ግን ወታደሮቹ እርስ በርሳቸው በሚጠሩበት ስም ይጠራዋል። አስተርጓሚ ከመጽሐፍ ቃል ይልቅ የገበያና የሰፈር ቃል ይቀናዋል።

የመጽሐፉ መጨረሻ አስቸጋሪ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በተጻፉት በሁለቱ ታላላቅ የግሪክ ብራናዎች፥ በቫቲካኑና በሲናው፥ ወንጌሉ ሴቶቹ ፈርተው ከመቃብር ሲሸሹ በ16ኛው ምዕራፍ በ8ኛው ቍጥር ያበቃል። የቀሩት 12 ቍጥሮች በሌሎች ብራናዎች ይገኛሉ፤ አንድ ሌላ አጭር መዝጊያም አለ። የግዕዝ ጸሐፊዎች ከሁለቱ አንዱን ለመጣል አልደፈሩም፤ በብዙ የግዕዝ ብራናዎች አጭሩም ረጅሙም መዝጊያ ተከታትለው ተጽፈዋል።

እስከዚህ ያለው ነገር የሊቃውንት ክርክር መስሎ ሊታይ ይችላል። የማርቆስ ማንነት የመንግሥትና የሥልጣን ጕዳይ የሆነው በእስክንድርያ በኩል ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ማርቆስ ወደ እስክንድርያ በገባ ጊዜ ጫማው ስለ ተበጠሰ አንያኖስ ለሚባል ጫማ ሰፊ ሰጠው፤ ጫማ ሰፊው ሲሰፋ ወስፌ እጁን ቢወጋው እግዚአብሔር አንድ ነው ብሎ ጮኸ፤ ማርቆስም እጁን ፈውሶ አስተማረው፥ በኋላም ተተኪው አደረገው። ከዚህ በኋላ ጠላቶቹ በገመድ አስረው በከተማው መንገድ ጎትተው ገደሉት። ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያውን የምታደርገው ሚያዝያ 30 ቀን ነው። የዚህ ታሪክ ጽሑፋዊ ማስረጃ እንደ ዝናው የቀደመ አይደለም። ማርቆስ በእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ የሚለውን በግልጽ የምናገኘው በአውሳብዮስ ዘንድ ነው። የእስክንድርያው ሊቅ ቀሌምንጦስ፥ ያለ ክርክር የእርሱ ናቸው በሚባሉት ጽሑፎች፥ ማርቆስ በሮም መጻፉን ይናገራል እንጂ የገዛ ከተማውን መሥራች ነው አይልም። ይህ ብቻውን ትውፊቱን አያፈርስም፤ ዝም ማለት መካድ አይደለምና።

የሆነው ሆኖ የእስክንድርያ ፓትርያርክ መንበረ ማርቆስ ተባለ፤ የመንበሩም ሥልጣን እስከ አክሱም ደረሰ። በ4ኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ለኢትዮጵያ ጳጳስ ይሰጥ ዘንድ አትናቴዎስን በጠየቀ ጊዜ፥ አትናቴዎስ እርሱን ራሱን ቀብቶ ላከው። ከዚያ ወዲህ 1600 ዓመት ያህል የኢትዮጵያ ጳጳስ ከግብጽ ይመጣ ነበር። ነገሩንም ያጸናው በ318 የኒቅያ አባቶች ስም የሚጠቀስ፥ በፍትሐ ነገሥትም የገባ ቀኖና ነበረ፤ ኢትዮጵያውያን ከራሳቸው ሊቃውንት መካከል ፓትርያርክ እንዳይሾሙ ይከለክላል። በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ ግን የወሰናቸው ቀኖናዎች 20 ብቻ ናቸው፤ ይህም ከእነርሱ ውስጥ የለም፥ ኋላ በዐረብኛ ከተዘጋጁት ስብስቦች የመጣ ነው። አንድ ያልታወቀ እጅ የጨመረው አንድ አንቀጽ የአንድን መንግሥት ታሪክ ይህን ያህል ዘመን ማሰሩን ለሚመለከት፥ ፓፒያስ የማርቆስን አለመጨመር ለምን እንዲያ አጥብቆ እንደ ጻፈ ይገባዋል።

ጳጳስ ሲሞት ነገሥታቱ መልእክተኛ፥ ወርቅና ገጸ በረከት ወደ ካይሮ ይልኩ ነበር፤ የግብጽ ገዢዎች ሲያኰርፉም አገሪቱ ያለ ጳጳስ ለብዙ ዓመት ትቀመጥ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እ.ኤ.አ. በ1881 አራት ጳጳሳት ባንድ ጊዜ አስመጡ፤ ስማቸውም ጴጥሮስ፥ ማቴዎስ፥ ሉቃስና ማርቆስ ነበረ። ከአራቱ በመጡ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያረፉት አቡነ ማርቆስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1929 ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በካይሮ ጵጵስና ተቀበሉ፤ ከእነርሱም አንዱ በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በፋሺስት ጥይት የተገደሉት አቡነ ጴጥሮስ ነበሩ። ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አምስት ጳጳሳት ተጨመሩ፤ በ1943 ዓ.ም. አቡነ ባስልዮስ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. በካይሮ በአቡነ ቄርሎስ 6ኛ እጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ተብለው ተሾሙ። የኤርትራ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1998 የመጀመሪያውን ፓትርያርክ አቡነ ፊልጶስን ያገኘችው ከዚሁ ከማርቆስ መንበር፥ በአቡነ ሺኖዳ 3ኛ ዘመን ነው።

የማርቆስ ዐፅም ደግሞ የራሱ ጕዞ ነበረው፤ ነገሩም የነጋዴዎች ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ828 ሁለት የቬኒስ ነጋዴዎች፥ ቡኖና ሩስቲኮ የሚባሉ፥ ዐፅሙን ከእስክንድርያ ሰርቀው በመርከብ እንደ ጫኑ፥ የእስላም ፈታሾች እንዳይነኩትም በአሳማ ሥጋ እንደ ሸፈኑት የቬኒስ ታሪክ ይተርካል፤ በዚያች ከተማ በማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይም ተሥሎ ይታያል። በየትኛውም ዘመንና በየትኛውም ኬላ ፈታሽን የሚያሸሽ ዕቃ የሚያውቅ ነጋዴ አይጠፋም። ከዐፅሙ ከፊሉ ወደ ግብጽ የተመለሰው ከ1140 ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 1968 የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ለአቡነ ቄርሎስ 6ኛ ላኩት፤ በካይሮ በአባሲያ የተሠራው አዲሱ የማርቆስ ካቴድራል ሲመረቅም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር።

በአድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም በሚገኙት ብራናዎች፥ ዘመናቸው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ውስጥ መሆኑ በሳይንስ ምርመራ በታወቀው፥ ከወንጌላውያኑ ሥዕሎች ማርቆስ ብቻ ተለይቶ ይታያል። ሌሎቹ ፊት ለፊት ቆመው ሲመለከቱ፥ እርሱ ወደ ጎን ዞሮ በዙፋን ተቀምጧል፤ ተመራማሪዎችም ዙፋኑን የእስክንድርያ መንበር ነው ይሉታል። በጎጃም ደግሞ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በስሙ ቤተ ክርስቲያን አሠርተው መንቆረር የነበረውን ከተማቸውን ደብረ ማርቆስ አሰኙት። ሠዓሊም ንጉሥም የሚያውቁት መንበር ያለውን ማርቆስን ነው። ቆሞ የሌላውን ቃል የሚያደርሰው ማርቆስ የተረሳ ይመስላል።

የዚያኛው ማርቆስ ወራሾች በዙፋን ላይ አይገኙም። ከ1808 እስከ 1818 እ.ኤ.አ. በካይሮ፥ በመንበረ ማርቆስ ከተማ፥ አቡ ሩሚ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኵሴ አሰሊን ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስል ጋር መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ይመልሱ ነበር። ቆንስሉ ለዚህ ሥራ በሳምንት ሁለት ቀን፥ ማክሰኞና ቅዳሜ፥ ደጁን ለጎብኚ ሁሉ ይዘጋ ነበር። አሥር ዓመት ፈጀባቸው፤ 9539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሥራቸው ታትሞ ሳያዩ በወረርሽኝ ሞቱ። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን በ1820 በ1250 ፓውንድ ገዝቶ፥ አራቱን ወንጌላት በ1824 አሳተመ። ከሽያጩ ገንዘብ ለአቡ ሩሚ የደረሰ የለም።

በቡቲዬ ገበያ የሚነገረውን ኦሮምኛ በተመለከተ ግን ሥራው የተጀመረው ከዚያ እጅግ ርቆ፥ በቀይ ባሕር ዳርቻ፥ ከምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ነው። አናሲሞስ ነሲብ በኢሉባቦር በሁሩሙ አካባቢ ተወልደው፥ በልጅነታቸው ተፈንግለው ከእጅ ወደ እጅ ከተሸጡ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ በሙንዚንገር አማካይነት ነጻ ወጡ፤ በ1872ም ተጠመቁ። የተሰጣቸው ስም በፊልሞና መልእክት የሚገኘው የባሪያው ስም ነው፤ ትርጓሜውም ጠቃሚ ማለት ነው። ማርቆስ ከሥራ ባልደረቦች ጋር የተጠቀሰው በዚያችው ደብዳቤ ነው፤ ጠቃሚነቱም በጢሞቴዎስ መልእክት ተመስክሮለታል። አስቴር ጋኖ ደግሞ ወደ ዐረብ አገር ለሽያጭ ሲወሰዱ እ.ኤ.አ. በ1886 በጣሊያን መርከብ ተይዘው የዳኑ ሴት ነበሩ፤ 15 ሺህ ያህል የኦሮምኛ ቃላት ሰብስበው ለትርጕሙ ሥራ አቀረቡ። በዚህ ዓይነት የኦሮምኛው ሐዲስ ኪዳን እ.ኤ.አ. በ1893 በምንኩሉ ማተሚያ ቤት በግዕዝ ፊደል ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስም በ1899 በስዊስ አገር ወጣ።

አናሲሞስ በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ የማርቆስን 7ኛ ምዕራፍ፥ «ኤፍታህ» የሚለውን የባዕድ ቃል፥ ማለፍ ነበረባቸው። ለአማርኛ ተናጋሪ ቃሉ ከመፍታት ጋር ዘመድ ነው። በኦሮምኛም የታሰረን መፍታትና ቃልን መተርጐም በአንድ ግስ ይነገራሉ፤ ከዚሁም ግስ «ሂካ» የሚባል የሰው ስም ይወጣል፥ አስተርጓሚ ወይም ፈቺ ማለት ነው። የአናሲሞስ እናት፥ ልጃቸው ገና ሳይሰረቅና ሳይሸጥ፥ ያወጡለት ስም ሂካ ነበረ።